ሎቫይና በፒዝሊዎች የዘር መጽሐፍ ላይ የጻፈችው

ሎቫይና ፒዝሊ ባል አላገባችም። አላገባችም ማለት ግን ቤት አልነበራትም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ችግሯ የቤት ብዛት ነበር። በቬርሞንት፣ በዳንቦሮ ኮረብታዎች ላይ ተበታትነው ከሚያርሱት የፒዝሊ ዘመዶች አንዷ ምጥ ሲይዛት፣ አንዱ ከድርቆሽ ክምር ላይ ወድቆ እግሩ ሲሰበር፣ አንዲት አሮጊት «ዛሬስ የምሞት ይመስለኛል» ስትል፣ መጀመሪያ የሚላከው ወደ ሐኪሙ ሳይሆን ወደ ሎቫይና ነበር። ሐኪም ይከፈለዋል፤ ሎቫይና ግን እራቷን ከበላች ይበቃታል። ስለዚህ ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምራ፣ እንደ ጎረቤት መሰላል፣ ካንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሲዋዋሷት ኖረች።

በዚህ ሁሉ መዋዋስ ያተረፈችው ነገር ቢኖር ማወቅ ነው። የትኛው ሕፃን በእግሩ እንደ መጣ፣ የትኛዋ ሙሽራ በሠርጓ ማግስት ወደ እናቷ ቤት ልትሮጥ ጫማዋን ስታስር እንደ ተያዘች፣ የትኛው አጎት በመጨረሻው ሰዓት ስለ ነፍሱ ሳይሆን ስለ ቡላዋ ላም እንደ ጠየቀ፣ ሁሉንም አይታለች። አይታም አትረሳም። ዘመዶቿ ይህን ስለሚያውቁ ሲታመሙ ይወዷታል፤ ሲድኑ ደግሞ ትንሽ ይፈሯታል።

የራሷ መኝታ አያቷ በሠሩት በድሮው የእርሻ ቤት ከማድ ቤቱ በላይ ያለችው ክፍል ነበረች። ቤቱን የያዘው ወንድሟ ኦሪን ነው። ኦሪን ቀስ ብሎ የሚያስብ፣ ካሰበ በኋላም ደግሞ የሚያስብ ደግ ሰው ነበር። ሚስቱ ፊሉራ ግን ለማሰብ ጊዜ አያስፈልጋትም፤ አስቀድማ አውቃው ትጠብቃለች። ፊሉራ ሰሃን ስታጥብ ላያት ሰሃኑ ራሱ ጥፋቱን የሚናዘዝ ይመስላል። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመት ባንድ ማድ ቤት ሠርተዋል። ተጣልተው አያውቁም፤ ተዋደውም እንደሆነ ያጣራ ሰው አልነበረም።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1886 የካቲት ላይ፣ በረዶው መስኮቱ ድረስ በተከመረበት ሰሞን፣ ከኦሃዮ ወፍራም ፖስታ መጣ። የላከው ሉማን ፒዝሊ የሚባል የአጎታቸው ልጅ ነው። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ወደ ምዕራብ ይዞት ሄዶ፣ አሁን እዚያ የትምህርት ቤት መምህር ሆኗል። ሉማን የፒዝሊን ዘር ሐረግ በመጽሐፍ ሊያሳትም ነው። ለየቤቱ የሚሞላ ቅጽ አዘጋጅቷል፤ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ያገባበት ቀን፣ የሞተበት ቀን። በመጨረሻም፣ በሰፊው ዓምድ አናት ላይ፣ «ልዩ አስተያየት» ይላል።

ኦሪን ቅጹን ገልብጦ አየው፤ ላሞቹን ማየት አለብኝ ብሎ ወጣ። ላሞቹን ካያቸው ገና ግማሽ ሰዓቱ ነበር። ፊሉራ ደግሞ የተወለደችው ከሌላ ዘር ስለሆነ የፒዝሊዎች ጉዳይ አያገባኝም አለች። እናም ሎቫይና ከመጽሐፍ ቅዱሱ ኋላ ያለውን የልደትና የሞት ገጽ ከፍታ፣ እርሳሷን ቀርጻ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ቀኖቹን ብቻ ሞላች። ነገር ግን ያ ባዶ ዓምድ ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል። ባዶ ዓምድ ለሎቫይና እንደ ባዶ ማሰሮ ነው፤ ዝም ብላ ማለፍ አትችልም። ሉማንን ያየችው የአራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ጭኗ ላይ ሲነፋረቅ ነው። አሁን ጎልማሳ ሆኖ «አስተያየትሽን ጻፊ» ካለኝ መቼም መሳቅ ፈልጎ ነው ብላ አሰበች። እሳት ዳር ተቀምጦ ያነበዋል፤ ይስቃል፤ የሚጠቅመውን ቀን ወስዶ ሌላውን ይጥለዋል። እንዲህ ብላ ከአያቷ ጀመረች።

አያታቸው ጄዴዳያ፦ «ከኮነቲከት በሁለት በሬዎች መጣ። አንደኛው በሬ ብልህ ነበር፤ እዚህ ቦታ ላይ አልሄድም ብሎ የቆመው እሱ ነው። እርሻው የተመሠረተው በዚህ ምክንያት ነው።»

አክስታቸው ዘርቪያ፦ «በዘጠና አንድ ዓመቷ ሞተች። ሐኪሙ የፍራፍሬ ፓይ እንዳትበላ ከልክሏት ነበር። እሱን ቀብራ አሥራ ስድስት ዓመት በላች።»

የአጎታቸው ልጅ አልቫ፦ «አራት ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ አራት ጊዜ ተመለሰ። በአምስተኛው እዚያው ሞተ፤ ባይሞት ይመለስ ነበር።»

አጎታቸው ሂማን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ገና በሕይወት ያሉ፦ «ማዕድ ላይ ሃያ ደቂቃ ይጸልያሉ። ልጆቻቸው ትኩስ ሾርባ ምን እንደሚመስል ያወቁት አግብተው ከወጡ በኋላ ነው።»

ወንድሟ ኦሪን፦ «የላይኛውን ማሳ የድንጋይ ካብ በ1851 ጀመረ። እያሰበበት ነው።»

ፊሉራ ለእሳቱ እንጨት ልታቀብል ስትመጣ ቆም ብላ አየቻት።

«ምንድነው እንዲህ ፈገግ እያልሽ የምትጽፊው?»

«የሞቱ ሰዎችን ቀን።»

«የሰው መሞቻ ቀን ያስቃል?»

«እንደ ሟቹ ነው» አለች ሎቫይና፤ ፊሉራም እንጨቱን ጨምራ ሄደች። እሷ ዞር እንዳለች ሎቫይና የወንድሟን ሚስት መስመር ፈልጋ ሞላችው፦ «በትዳር ዘመኗ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።»

ሕፃን ሳሉ ለሞቱት ቅጹ የሰጠው ቀጭን መስመር ብቻ ነበር። እነሱ ዘንድ ስትደርስ ፈገግታዋ ቀረ፤ እርሳሷም ዘግየት ዘግየት አለ። ቢሆንም አንዱንም ሳትዘል ለእያንዳንዱ የምታውቀውን አስቀመጠች። ሲመሽ ቅጹን አሽጋ በማግስቱ በፖስታ ላከችው፤ ብዙም ሳትቆይ ረሳችው። መጋቢት ገብቶ የሜፕሉ ዛፍ ጭማቂ መንጠባጠብ ሲጀምር፣ ጭማቂው ስኳር እስኪሆን ቀንም ሌትም ሲፈላ፣ ማን የሞቱ ሰዎችን ያስታውሳል።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በ1887 ነሐሴ ፒዝሊዎች በሙሉ በድሮው እርሻ ተሰበሰቡ። መቶ ሠላሳ ያህል ነበሩ። ከሜፕሎቹ ጥላ ሥር ሳንቃ በሳንቃ ላይ ተዘርግቶ ገበታ ሆነ፤ በሸክላ ማሰሮ የተጋገረ ባቄላ፣ የዶሮ ሥጋ፣ የኮመጠጠ ኪያር፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ፓይ ቀረበ። ሉማን ሁለት ሣጥን መጽሐፍ ይዞ በባቡር ከች አለ። ከሲታ፣ የሸሚዙ ኮሌታ አገጩን ደግፎ የያዘለት፣ ሲስቅ ታይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ከጉንፋኑ በቀር ሎቫይና የምታውቀው ነገር አልተረፈበትም።

ከምሳ በፊት ወንበር ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ ሽማግሌው ሂማን እንኳ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አወጡ። የዘር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ትልቁ ኃጢአት የሌላውን ቃል ማሳመር ነው አለ ሉማን። እሱ ግን የተላከለትን ሁሉ አንድ ፊደል ሳይጨምር፣ አንድ ፊደል ሳይቀንስ አትሟል። ከዘመዶቹ ሁሉ በላይ የረዳችው ደግሞ ሎቫይና ፒዝሊ ናትና ጉባኤው እንዲያመሰግናት ጠየቀ።

ሎቫይና በዚያች ሰዓት ፓይ እየቆረጠች ነበር። ቢላዋው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሉማን ከወንበሩ እስኪወርድ ጠብቃ ወደ ዛፉ ጀርባ ጎተተችው።

«ሉማን፣ ቀልዱንም ጨምረህ ነው ያተምከው?»

«የትኛውን ቀልድ?»

«በሬው ቦታ መረጠ ያልኩትን ነዋ።»

ሉማን መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። «እሱ ቀልድ ነው እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ በመግቢያው ላይ ሁለት ገጽ ጽፌበታለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማዳን የሚቻል ነገር አልነበረም። መጽሐፉ ታድሎ አልቋል። በየዛፉ ሥር አንድ አንባቢና አሥር አድማጭ ተቀምጧል። ከወዲያ ማዶ ሳቅ ይፈነዳል፤ ከወዲህ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ለሎቫይና ከሳቁ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ያቺን አንድ ሙሉ ፓይ ደግማ ደጋግማ እየቆረጠች፣ የሚበላ ሰው ቢመጣ እፍኝ ፍርፋሪ ብቻ እስኪተርፍ ድረስ፣ ቀና ብላ ለማየት ልብ አጣች።

ሽማግሌው ሂማን ጆሯቸው ከብዷል። ልጃቸው የእሳቸውን መስመር ጆሯቸው ሥር ጮኾ አነበበላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን በምርኩዛቸው ላይ ጭነው ረጅም ጊዜ አሰቡ።

«ሃያ ደቂቃ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ሃያ አምስት ነው። ይታረም።»

የአልቫ ሚስት ደግሞ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስጠግታ እየዞረች፣ ያ ሁሉ እውነት ነው፣ በአምስተኛው ጊዜም ስትደርስለት የመመለሻው ሻንጣ ታስሮ ነው ያገኘችው እያለች ላልሰማ ሁሉ ታሰማ ነበር። ኦሪን የራሱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድምፅ ሳያሰማ ሳቀና ወደ ላይኛው ማሳ ወጣ። ሲመለስ እጁ አፈር ነበር፤ አንድ ድንጋይ ጨምሮ መምጣቱ ነው።

ፊሉራ ግን አልሳቀችም። ከኦሪን የአጎት ልጆች አንዷ፣ ክፋት ሳይኖራት፣ «አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም» የሚለውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ ከገበታው ዳር እስከ ዳር ያለው ሰው በሳቅ ተንከተከተ። ፊሉራ መጽሐፉን ተቀብላ መስመሩን በራሷ ዓይን አየችው፤ ከደነችው፤ ሰሃን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሎቫይና ይህን አይታ የፓዩን ቢላዋ አስቀመጠች።

ልከተላት ስትል አልሚራ የምትባል ዘመዷ መንገዷን ዘጋችባት። አልሚራ ሰፊ ሴት ናት፤ መንገድ ከዘጋች ዘጋች ነው። ሎቫይና ስለ አልሚራ አንድም ቃል ጽፋ ስለማታውቅ ከዚህች በኩል እንኳ ደኅና ነኝ ብላ ነበር።

«የኔን አባት አገኘሁት» አለች አልሚራ ጣቷን በገጹ ላይ አድርጋ። «ቼስተር ፒዝሊ። ተወለደ፣ ሞተ። በቃ።»

«ቀኑ ተሳስቷል?»

«ቀኑ ልክ ነው። እኔ የምለው፣ ለበሬ የሚሆን ቦታ ነበር፤ ላባቴ የሚሆን ግን አልነበረም?»

ሎቫይና ጎንበስ ብላ ገጹን አየች። ዘወር ስትል ከአልሚራ ኋላ ሌሎች ቆመዋል። አንዱ የእናቱን ገጽ ይዟል፤ አንዷ የአያቷን፤ አንዱ ደግሞ የገዛ ራሱን። ሲሰድቧት እንጂ ሲለምኗት ለማየት አልተዘጋጀችም ነበር። የተሰደበው ሁሉ ረክቶ ፓይ ይበላል፤ ያልተሰደበው ተሰልፎ ያኮርፋል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አሥራ አንድ ሰው ተቀብላ፣ ለአሥራ አንዱም አስባ እንደምትጽፍ ቃል ገባች።

እንግዶቹ ሄዱ፤ ሳንቃዎቹ ተነሡ፤ ቤቱም ለሦስቱ ሰዎች ቀረ። የፊሉራ ኩርፊያ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ኩርፊያዋም እንደ ሌላው ሥራዋ ሁሉ ንጹሕና እንከን የለሽ ነበር። በር አላጋጨችም፤ ምግብ አላሳነሰችም። ብቻ ከሎቫይና ጋር በኦሪን በኩል መነጋገር ጀመረች። «ጨው ካስፈለጋት አጠገብህ ነው በላት» ትላለች። ኦሪን ማንኪያውን እንደያዘ፣ ካንዷ ወደ አንዷ እያየ፣ «ጨው...» ብሎ ይጀምርና ሁለቱም እንደሰሙ ሲገባው ይተወዋል። ሰውየው በዚያ ሰሞን ካቡ ላይ ብዙ ድንጋይ ጨመረ። እቤት ከመዋል ካብ መካብ ይሻለዋል።

በሦስተኛው ቀን ሎቫይና እልኳን ዋጠችና ይቅርታ ጠየቀች።

«ምን አጠፋሽና?» አለች ፊሉራ ሊጡን ሳትለቅ። «የጻፍሽው ትክክል ነው። እኔ ያላየሁት ስሕተት ካለ አሳዪኝ።»

ሎቫይና ከዚህ የከበደ መልስ በሕይወቷ ተቀብላ አታውቅም። ክፍሏ ውስጥ ሆና፣ ምላሴን በቆረጠው እያለች ሁለት ቀን አሰበች። ዘመድ ሁሉ ተስቆበት ተደስቷል፤ ይህቺ ብቻ ለምን ቆሰለች? ቆይቶ ግን አንድ ነገር ገባት። ሌሎቹ ሳቁ እነሱ ላይ ሲወርድ ባጠገባቸው የራሳቸው ወገን ነበረ። ፊሉራ ወገኖቿ ሁሉ ሞተዋል፤ ሁለቱ ሴት ልጆቿ አግብተው አንዷ ማሳቹሴትስ፣ አንዷ ሚኒሶታ ናቸው። በዚያ ሜዳ ላይ ከመቶ ሠላሳ ፒዝሊ መካከል ፒዝሊ ሆና ያልተወለደች፣ አጠገቧም የቆመላት ሰው ያልነበራት እሷ ነበረች።

ፊሉራ በበኩሏ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከሰዓት በኋላ ሥራ ስትጨርስ መጽሐፉን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን ዘርግታ፣ እርሳስ ይዛ፣ የሎቫይናን ስሕተት ፍለጋ ወጣች። ማሳዋን እንደምታርም ሴት ገጽ በገጽ ሄደች። የአንዱ ጋብቻ በሦስት ቀን ተዛብቷል፤ ምልክት። የአንዷ ስም ፊደል ጎድሏል፤ ምልክት። ምልክት ባደረገች ቁጥር ከንፈሯ ጥቂት ላላ ሲል ሎቫይና ከበር ሥር አይታለች፤ ደስ እንዳላትም ፈርዳላታለች።

በዘጠነኛው ቀን ሎቫይና ከጓሮ አንድ ቅርጫት ፎሶሊያ ለቅማ ስትገባ ፊሉራ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። እርሳሱ በገጹ ላይ ቆሟል፤ አይንቀሳቀስም። ምድጃው ላይ ውኃው እየፈላ ክዳኑን ያንጫጫል። ፊሉራ ሠላሳ ዓመት ውኃ ፈልቶ ሲባክን ዝም ብላ አይታ አታውቅም። ሎቫይና ማሰሮውን አወረደችና የተከፈተውን ገጽ በትከሻዋ በኩል አየች።

ስድሳ አንደኛው ገጽ ነው። የኦሪንና የፊሉራ ልጆች። ሁለቱ ሴቶች፣ ከነባሎቻቸው። ከእነሱ በታች በቀጭን ፊደል፦ «ስም ያልወጣለት ወንድ ልጅ። መጋቢት 12 ቀን 1859 ተወልዶ ዘጠኝ ቀን ኖረ። ጆሮው የኦሪን ነበር። ጠዋት ብርሃን ሲነካው ያነጥሰው ነበር።»

ያን ጊዜ ፊሉራ ወልዳ ሳትነሣ ትኩሳት ይዟት ሦስት ሳምንት ራሷን አታውቅም ነበር። ስትነቃ ልጁ ከተቀበረ ቆይቷል። ሐዘኑ እንዳይነሣባት ተብሎ ማንም ስሙን... ስምም አልነበረውም፤ ማንም ነገሩን አላነሣም። እሷም አልጠየቀችም። ዘጠኙን ቀን ልጁን የያዘችው ሎቫይና ነበረች።

«ያነጥሰው ነበር?» አለች ፊሉራ ዞር ሳትል። ከይቅርታው ቀን ወዲህ ለሎቫይና በቀጥታ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ሎቫይና ቅርጫቱን አስቀመጠች። «ጠዋት ጠዋት። የምሥራቁን መጋረጃ ስከፍተው። ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ አነጥሶት አያውቅም።»

«አባቴም ሁለት ጊዜ ነበር።»

«ይህንን አላወቅሁም። ባውቅ እጽፈው ነበር።»

ፊሉራ መስመሩን በጣቷ ጫፍ እንደ አቧራ ጠረገችው። «ሃያ ስምንት ዓመት» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም እኮ።»

«አንቺ ሳትጠየቂ የማትናገሪው ነገር ይህ ብቻ ነው ማለት ነው?»

ሎቫይና ወንበር ስባ ጎኗ ተቀመጠች። የምታውቀውንም ሁሉ ነገረቻት። ፀጉሩ ጥቁር እንደነበር፣ ግን ከጆሮው በላይ ያለው ወርቃማ እንደሆነ። ብዙ እንደማያለቅስ፣ ሲያለቅስ ግን ድመቷ እንኳ ሸሽታ ከምድጃው ኋላ እንደምትገባ። ኦሪን እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ እንደሚያየው፣ እጁ ሻካራ ስለሆነ ልንካው ብሎ እንደማያውቅ፣ በሰባተኛው ቀን ግን በአንድ ጣቱ ግንባሩን እንደነካው። ፊሉራ አላለቀሰችም። አንዳንዱን ነገር «እስቲ ድገሚው» ትላለች፤ ሎቫይናም ትደግመዋለች። ፎሶሊያው እዚያው ቅርጫቱ ውስጥ ጠወለገ፤ ኦሪን ለእራት ገብቶ ያገኘው ዳቦና ቅቤ ብቻ ቢሆንም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ በላ።

ፊሉራ ከመነሣቷ በፊት እርሳሷን አንሥታ ገጹ ላይ አንድ ቁጥር ሠርዛ ሌላ ጻፈች።

«መጋቢት አሥራ አንድ ነው የተወለደው፤ አሥራ ሁለት አይደለም። ትኩሳቱ የያዘኝ በማግስቱ ነው። እኔ ነኝ የማውቀው።»

«አንቺ ካልሽ ልክ ነው» አለች ሎቫይና። «ተሳስተሽ እንደማታውቂ ተጽፎልሻል።»

ፊሉራ ለአንድ አፍታ ፊቷን ልታጨፈግግ አሰበች። ቀጥሎ አንድ የሆነ ድምፅ በአፍንጫዋ አወጣች። ሎቫይና ለዓመታት አብራት ኖራ ሳቋ እንዲህ መሆኑን ያወቀችው ያን ቀን ነው።

በዚያው መኸር ሉማን ደብዳቤ ጻፈ። ከመላው አገር ቅሬታ እየጎረፈበት ነው፤ ቅሬታውም ሁሉ ዓይነቱ አንድ ነው። ዘመዶቹ የእኛ ሙታን ባዶ ቀሩ ይላሉ። ስለዚህ ተጨማሪ ትንሽ መጽሐፍ ሊያወጣ አስቧልና ሎቫይና ልዩ አስተያየቷን እንድትልክለት ለመነ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበ፤ ቀልድ የሆነውን በቀይ ቀለም ታስምርበት። ሎቫይና ቀይ ቀለም የለኝም ብላ መለሰች።

ክረምቱን ሙሉ ሁለቱ ሴቶች ጠረጴዛው ላይ ሠሩ። ሎቫይና ታወራለች፤ ፊሉራ ቀኑን ታርማለች። ይከራከራሉ። ኦሪን አንዷ ጨው አቀብለኝ ስትለው ሌላዋ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሱን ስትለው በመሐል ይደናገራል። ለአሥሩ ሰው የሚጻፍ ነገር አገኙ፤ በአልሚራ አባት ላይ ግን ተጣበቁ። ቼስተር ፒዝሊ ዝምተኛ ሰው ነበር። ታሞ ሎቫይናን አላስጠራም፤ የሞተውም ተኝቶ ሳለ ማንንም ሳያስቸግር ነው። ሎቫይና ሦስት ቀን አስባ ምንም አጣች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ውርደት ገጥሟት አያውቅም።

«በር ይዘጋ ነበር» አለች ፊሉራ በአራተኛው ቀን፣ ቅቤ እየናጠች።

«ምን በር?»

«የግጦሽ በር። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ስመጣ ከመስኮቱ አየው ነበር። በመንገዱ ሲያልፍ ክፍት በር ካየ ከጋሪው ወርዶ ይዘጋዋል። የማንም ይሁን። ከጎረቤታችን ጋር በውኃ ተጣልተው ሰባት ዓመት ሳይነጋገሩ የእሱንም በር ይዘጋለት ነበር።»

ሎቫይና ቃል በቃል ጻፈችው። አልሚራ መጽሐፉ ሲደርሳት፣ አባቴን ቁልጭ አድርጋችሁ አመጣችሁልኝ፣ እናቴም ሰምታ አልቅሳለች ብላ ጻፈችላቸው። ደብዳቤዋን ስታበቃ ግን መስመሮቹን ቆጥራቸው የበሬው አሁንም በአንድ እንደሚበልጥ ሳታነሣ አላለፈችም።

በ1889 ሚያዝያ ደግሞ የሽማግሌው ሂማን የልጅ ልጅ ምጥ ያዛት። እንደ ወጉ ወደ ሎቫይና ተላከ። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ ላይ ይንቋቋል፤ ያም ሆኖ ቦርሳዋን ልትይዝ ወደ ክፍሏ ስትወጣ ፊሉራ ቀድማ አዘጋጅታዋለች። ንጹሕ ጨርቅ፣ ካምፎር የሚባለው መድኃኒት፣ ሁለት መሐረብ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ። በዳር በኩል አዲስ የተቀረጸ እርሳስ።

መንገዱ በረዶ ቀልጦበት ጭቃ ብቻ ነበር። ኦሪን ጋሪውን አምጥቶ፣ የትኛው መንገድ እንደሚሻል እያሰበ ቆሟል። ፊሉራ ሻርፕ ደርባ በጭቃው ውስጥ እስከ ጋሪው ድረስ ወጣች፤ እንዲህ ስታደርግ ታይታ አታውቅም።

«ጆሮውን እዪው» አለች። «እጁንም። የሚያለቅስበትን ሰዓት ያዢ። የሂማን ወገን አገጭ ካለው ደግሞ ከወዲሁ ንገሪያቸው፤ ኋላ እንዳይደነግጡ።»

«ፊሉራ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሕፃን ሳይ የኖርኩት በዓይኔ ነው።»

«ቀኑን ግን ተሳስተሻል» አለች ፊሉራ፤ ብርድ ልብሱንም በሎቫይና ጉልበት ላይ ጠቅልላ ከጎን ወሸቀችው።

ኦሪን ልጓሙን ሳበ። ወንዙ ዳር ያለውን መንገድ መረጠ፤ ግማሽ ማይል ሳይሄዱ መንኰራኩሩ እስከ እንብርቱ ሰመጠ። ሎቫይና ቀሚሷን ሰብስባ ወረደችና ከኋላ ትገፋ ጀመር፤ እየገፋችም ስለ ብልህ በሬ አንድ ነገር አለችው። ኦሪን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ስለሳቀ ለመጎተት ጉልበት አነሰው፤ እዚያው ትንሽ ቆዩ።